እናቴ ወልቂጤ የቆየችበት ዓመት

ባለፈው ወር አዲስ የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ለሥልጠና ሰበሰበን። አሠልጣኙ የማርከሩን ክዳን ነቀለና ነጩ ሰሌዳ ላይ ስሙን መጻፍ ጀመረ። ሽታው እኔ ወደተቀመጥኩበት ሦስተኛ ረድፍ ሲደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ሰውየው የተናገረውን አልሰማሁም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ወልቂጤ፣ ጋሽ ሽኩር ግቢ በተከራየናት ቤት፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የእናቴን እርምጃ እቆጥር ነበር። ከበሩ እስከ ሰሌዳው አሥራ አንድ፣ ከሰሌዳው እስከ በሩ አሥራ አንድ። አንዳንዴ ስምንተኛው ላይ ትቆማለች። ያኔ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ።

እስከዚያ ዓመት ድረስ ያደግኩት ቡታጅራ፣ የእናቴ ታላቅ እህት ዘንድ ነው። እታለም ነበር የምላት። ከቆሼ በኩል የሚመጣውን በርበሬ በጆንያ እየተረከበች ገበያ ላይ ትሸጣለች። ቤታችን ውስጥ ከጣሪያ እስከ ወለል በርበሬ በርበሬ የማይሸት ነገር አልነበረም፤ ደብተሬን ስገልጥ አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች ያስነጥሳሉ። አባቴና እናቴ ገና ጡት ሳልጥል ነው የተለያዩት። አራት ዓመት ሲሞላኝ ደግሞ እናቴ ፊዚክስ ልትማር ጣልያን አገር ሄደች።

ምን እንደምትማር እታለምን ስጠይቃት፣ ስለ ጥቁር ጉድጓድ ነው አለችኝ። ጉድጓዱ ሰማይ ላይ መሆኑን አልነገረችኝም፤ ምናልባት እሷም አታውቅ ይሆናል። እኔ የማውቀው ጉድጓድ አንድ ነው፤ አገና ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ ጓሮ የማየው፣ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ የሚቀበርበት። ለዚህ ለዚህማ ጣልያን ድረስ ምን አስኬዳት እያልኩ እገረም ነበር። ለጓደኞቼ ግን እናቴ ስትመለስ በከተማው ውስጥ እንደሷ ቆጮ የሚያውቅ ሰው እንደማይኖር በኩራት ነግሬያቸዋለሁ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ዝናብ ሲያባራ፣ አንዲት ቀጭን ሴት ሻንጣ እየጎተተች ግቢያችን ገባች። እታለም ስታያት በርበሬ የነካውን እጇን ወደ ላይ አንስታ በክንዷ ብቻ አቀፈቻት። እኔ ከጆንያው ኋላ ነበርኩ። ሴትየዋ ከሻንጣዋ ቀይ ጫማ አውጥታ ፊቴ ተንበረከከችና ልታጠልቅልኝ ሞከረች። ጣቶቼ ብቻ ገቡ። ጫማውን ገለበጠችና ቁጥሩን አየች፤ ከዚያ እግሬን አየች፤ እንደገና ቁጥሩን። የሆነ ነገር እንደተሳሳተባት ገባኝ። የተሳሳትኩት እኔ የሆንኩ መሰለኝ።

ወልቂጤ አጠገብ ያለው ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ስለቀጠራት ይዛኝ ልትሄድ ነው የመጣችው። እታለም ሁለት ቀን ሙሉ ልብሴን ስታጥብ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ሚኒባስ ውስጥ ከእናቴ ጭን አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ምን ብዬ እንደምጠራት አላውቅም ነበር። መስከረም እስኪያልቅ ድረስ በምንም አልጠራኋትም፤ ስፈልጋት አጠገቧ ሄጄ እቆማለሁ።

ጋሽ ሽኩር፣ አከራያችን፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። በገባን በሁለተኛው ቀን አናጢ መጥቶ ግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሰሌዳ ሲመታ በር ላይ ቆመው ያያሉ።

እናቴን፣ ቴሌቪዥኑንስ የት ልትሰቅይው ነው ብለው ጠየቋት።

ቴሌቪዥን እንደሌላት ነገረቻቸው። ጋሽ ሽኩር እኔን አዩኝና በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ትምህርት ቤት ተራ በተራ የወላጆቻችንን ሥራ ስንናገር እኔ፣ እናቴ ቆማ ግድግዳ ታያለች አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እቤት ስመለስ ሥራዋ ምን እንደሚባል ጠየቅኳት። ቲዎሬቲካል ፊዚክስ ይባላል አለችኝ። እሱ ደግሞ ምንድነው አልኳት። ማርከሩን በጆሮዋ ላይ እንደሰካች ትንሽ አሰበችና፣ "ሌሎቹ መሣሪያ አላቸው፤ እየለኩ ነው የሚሠሩት። እኔ መሣሪያ የለኝም። ወረቀትና ጭንቅላት ብቻ ነው ያለኝ" አለችኝ።

በጣም አሳዘነችኝ። መሣሪያ ያጣች መሰለኝ እኮ። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ በባጃጅ ጥገናው በኩል እየዞርኩ የወደቀ ሁሉ ለቀምኩ። የድምፅ ማጉያ ማግኔት፣ ሁለት ብሎን፣ የተሰበረ የቮልት መለኪያ፣ መስታወት የሌለው የእጅ ሰዓት። ዓርብ ዕለት አጥቤ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኩላት። ገብታ ስታየው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። "መሣሪያ" አልኳት። አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ አቅፋኝ ረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። የዚያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ "እማ" ያልኳት።

ግን ከእሷ ጋር መኖር ቀላል አልነበረም። እታለም ቤት ነገር ሁሉ ሰዓት ነበረው፤ እዚህ ምንም ሰዓት የለውም። ሽሮ ትጥድና ሰሌዳው ጋ ትሄዳለች፤ የሚያስታውሳት የማረሩ ሽታ ነው። ወጥ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጨው ትጨምራለች፣ ወይም ጭራሽ አትጨምርም። ከሰዎች ጋር እያወራች መሃል ላይ ዓይኗ ይሄዳል፤ ሰውየው አፉን ይዞ ይቀራል። ቅዳሜ ቅዳሜ እጄን ይዛ በጉብሬ መንገድ ስትሄድ፣ ለሽርሽር ይመስለኝና ደስ ይለኛል፤ እሷ ግን ትፈጥናለች፣ ትፈጥናለች፣ ከዚያ በድንገት ቆማ ወደ ቤት ትዞራለች። የት እየሄድን እንደነበር ጠይቄያት አታውቅም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ልትወስደኝ ሳትመጣ ቀረች። ጥቅምት ቢሆንም ያለ ጊዜው ዝናብ ወረደ። ጥበቃው ቤታቸው ሊሄዱ እስኪሉ ጠበቅኩና ብቻዬን መጣሁ። ስገባ ከጸጉሬ ውኃ ይንጠባጠባል። ሰሌዳው ጋ ቆማለች። ዞር ብላ "መጣሽ?" አለችኝና ወደ ጽሕፈቷ ተመለሰች። ጫማዬን አወለቅኩና አልጋዬ ውስጥ ገባሁ። ቆይቶ ነው የደነገጠችው። ፎጣ ይዛ ስትመጣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ዓይኔን ጨፈንኩ። ጸጉሬን እያደረቀች ይቅርታ፣ ይቅርታ ትል ነበር። ዓይኔን አልገለጥኩላትም።

ጥሩ ጥሩዎቹ ቀኖች እሑዶች ነበሩ። እሑድ ጠዋት ደጃፍ ላይ ዝቅ ያለች በርጩማ ታወጣና ጸጉሬን ልትሠራኝ ትቀመጣለች። ሹሩባ አትችልም፤ እታለም በግማሽ ሰዓት የምትጨርሰውን ጠዋቱን ሙሉ ትይዘዋለች። መሃል ላይ ጣቶቿ ጸጉሬን ይለቁና ወደ ጀርባዬ ይወርዳሉ። በአንድ ጣት ቀስ ብላ ታሻሸኛለች፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ታጥፋ፣ ዞራ። እንደዚያ ዳብሶኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እንዳታቆም ብዬ እንቅስቃሴ አላደርግም፤ ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ቢያርፍ እንኳ አላባርርም።

አንድ እሑድ ጀርባዬን እንደዚያ እየዳበሰች ሳለ በድንገት ተነስታ ወደ ውስጥ ሮጠች። ተከትያት ገባሁ። ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም ምልክት ጻፈች፣ ላዩም ታቹም የታጠፈ፣ ቀጭን እባብ የሚመስል። ያንን ምልክት አወቅኩት። ዓይኔ ሳይሆን ጀርባዬ ነው ያወቀው። የዳበሰችኝ የመሰለኝ ጊዜ ሁሉ ስሌት ስትሠራብኝ ነበር። ግማሹ ጸጉሬ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በሚቀጥለው እሑድ ግን በርጩማዋን ራሴ አወጣሁ።

ኅዳር ላይ የጋሽ ሽኩር የልጅ ልጅ ታመመ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ሕፃኑን በጋቢያቸው ጠቅልለው እየሮጡ መጡ። ልጁ ዓይኑ ተገልብጧል፤ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል።

"ዶክተር፣ ለአላህ ብለሽ እይልኝ" አሏት።

እናቴ እጇ ላይ ማርከር እንደያዘች ቀረች። እሷ እንዲህ ዓይነት ዶክተር አለመሆኗን ልታስረዳቸው ሞከረች። ሽማግሌው አልገባቸውም፤ ወይ ደግሞ እምቢ ያለቻቸው መሰላቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ያኔ ማርከሩን ጣለችና ሕፃኑን ከእጃቸው ተቀበለች። የነጠላዋን ጫፍ ውኃ ነክራ ግንባሩ ላይ አደረገች፤ ባጃጅ ጥሪ አለችኝ። ሮጥኩ። ሦስታችንም ሕፃኑን ይዘን በባጃጅ መናኸሪያ ደረስን፤ ከዚያ በሚኒባስ አታት ሆስፒታል። የዚያን ቀን ሁለት ክፍል ማስተማር ነበረባት። ስልኳ ሲጮህ ትሰማዋለች፤ አላነሳችውም። ሆስፒታሉ ልጁን አስተኛው፤ በአራተኛው ቀን ድኖ መጣ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ሽኩር መድኃኒት የማታውቅ ዶክተር ብትሆንም ይህች ሴት ሰው ናት እያሉ ለሰፈሩ አወሩ።

እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን አንድ ነገር ተማርኩ። እናቴን ከሰሌዳዋ የሚያላቅቃት ነገር አለ ማለት ነው። በሽታ።

ጥር ውስጥ ነው ደብዳቤው የመጣው። ላፕቶፑ ላይ አነበበችው፤ ከዚያ ግቢ ወጥታ አሥር ጊዜ ዞረች፤ ተመልሳ እንደገና አነበበችው። ለእታለም ስትደውል በጉራጊኛ ነበር የምታወራው፣ እንዳልሰማ። ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ከበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ያደግኩ ልጅ መሆኔን ረስታለች። ጀርመን ነው፣ ሁለት ዓመት ነው፣ የጀመርኩትን የምጨርሰው እዚያ ካሉት ሰዎች ጋር ብቻ ነው፣ ልጅቷን ላንቺ... ሁሉንም ሰማሁ። የኤምባሲው ቀጠሮ ማክሰኞ አራት ሰዓት አዲስ አበባ ነው። ከመናኸሪያው በመጀመሪያው መኪና መነሳት አለባት።

ለእኔ የነገረችኝ አዲስ አበባ ጉዳይ እንዳላት ብቻ ነው። ማክሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ ስትለብስ አየኋት፤ ያንን አንድ ሱፍ ኮቷን። ወረቀቶቿን በላስቲክ አቃፊ ውስጥ አስተካክላለች። ሆዴን ያዝኩና ተጠቀለልኩ።

የት ጋ ነው የሚያምሽ አለችኝ። እዚህ ጋ አልኳት። ትንሽ ቆይታ ስትነካኝ ሌላ ቦታ አሳየኋት። ሰዓቷን አየች። ጋሽ ሽኩር ለሶላት ወጥተው ሲመለሱ ድምፅ ሰምተው ገቡ፤ ልጅቷን እኔና ሚስቴ እንወስዳታለን፣ አንቺ ወደ ጉዳይሽ ሂጂ አሏት። እናቴ መሃል ክፍሉ ላይ ቆመች። አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሄደች፤ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ተመለሰች። እኔ አቃሰትኩ። አቃፊውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጫማዬን ፈለገች።

አታት ረጅም ወረፋ ነበር። ነርሷ ሆዴን እዚህም እዚያም ስትጫን ሁሉም ቦታ ያመኛል አልኳት። ሰገራ ተመረመረ፤ ደም ተወሰደ። እናቴ አግዳሚው ላይ እግሯን እያወዛወዘች የካርዱን ጀርባ በስሌት ሞላችው። አራት ሰዓት ሲሆን ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ወዲያ አላየችውም። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ነርሷ ምንም እንደሌለብኝ ነገረችን።

በሩ ላይ ዳቦና ሙዝ ገዛችልኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ አልበላሁም። ዳቦውን ሳላውቀው ጨረስኩ፤ ሙዙን ሁለተኛውን ስልጥ ቀና ብዬ አየኋት። ታየኛለች።

"ሆድሽ ተሻለው?"

ሙዙ አፌ ውስጥ ቀረ። ማልቀስ ጀመርኩ። "እንዳትሄጂ ብዬ ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ። ባጃጅ ውስጥ ሳለን ነው ያወቅኩት።"

"ታዲያ ለምን አልተመለስሽም?"

ሰሌዳው ፊት ስትሆን እንደምታደርገው ወደ ሩቅ አየች። "ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጅ እርግጠኛ ነበርኩ" አለች። "የቀረችው አንዷ እጅ ግን አንቺ ነሽ። በእሷ አልጫወትም።"

አልገሠጸችኝም። ወደ ወልቂጤ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እጄን ይዛ ነበር። ቤት እንደገባን ተቀመጠችና አልሄድም አለችኝ። ለጀርመኖቹ እጽፍላቸዋለሁ፣ እዚሁ እንኖራለን አለችኝ። ከዚያ በጨርቅ ሰሌዳውን ጠረገችው፤ ከዳር እስከ ዳር።

የፈለግኩት ይኸው ነበር። ከዚያ በኋላ በሰዓቱ ትመጣለች። ሽሮው አያርም፤ ጨው ልክ ነው። እሑድ ጸጉሬን እስከ መጨረሻው ሠራችኝ፤ ጣቶቿ አንዴም ወደ ጀርባዬ አልወረዱም። እየጠበቅኩ ነበር። ሠርታ ስትጨርስ መስታወት አምጥታ አሳየችኝ። እንደ እታለም አሳምራ ነበር የሠራችው። አመሰግናለሁ አልኳት፤ ግን የሆነ ነገር የተወሰደብኝ መሰለኝ። ከሥራ መልስ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፤ ባዶ ሰሌዳ ፊት ለፊት፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። የምቆጥረው እርምጃ አልነበረም። እኔ ነኝ ከበሩ እስከ ሰሌዳው መመላለስ የጀመርኩት። የእኔ እርምጃ አጭር ስለሆነ አሥራ ስድስት ይሆን ነበር።

የካቲት መግቢያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ እታለም ከቡታጅራ መጣች። እናቴ ለጀርመኖቹ ገና አልጻፈችም ነበር፤ እነሱ ግን ቀጠሮው ማለፉን ሰምተው አዲስ አስይዘው እስከ ሰኞ መልስ እንጠብቃለን ብለዋታል። ይህንን ምሳ ላይ ነው ያወቅኩት። ክትፎውም ቆጮውም ቀርቦ እታለም ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴን ተቆጣቻት። ያን ሁሉ ዓመት ልጅሽን ያሳደግኩት መሃል መንገድ ላይ እንድትቆሚ ነው ወይ አለቻት። ሁለት ዓመት ምንድነው፣ እኔ የት ሄጄ ነው አለች።

እናቴ ቀና ሳትል፣ "አልሄድም እታለም። ወስኛለሁ፤ ከልጄ ጋር ነኝ" አለች።

ይህን ስሰማ ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ። እንደገና ልሰማው ፈለግኩ። ሌላ አልፈለግኩም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማ እንድትለው። እንዴት እንደሚደረግ ደግሞ አውቃለሁ። እታለም ሰው ቤት ይዛኝ ስትሄድ አስተምራኛለች፤ ምግብ ሲቀርብልሽ በመጀመሪያው በልቻለሁ ትያለሽ፣ በሁለተኛው ጠግቤያለሁ ትያለሽ፣ በሦስተኛው በሞቴ ሲሉሽ ትበያለሽ። ትልልቅ ሰዎች የሚፈልጉትን ነገር እንዲህ ነው የሚቀበሉት። የምትፈልጊውን እምቢ ትያለሽ፤ ያኔ ሰውየው ይለምንሻል።

ስለዚህ፣ "እማ፣ ሂጂ" አልኳት።

እታለም ለጉርሻ የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

"ከልብሽ ነው?"

ይህ አንድ ነው አልኩ በልቤ። "ከልቤ ነው።"

"እኔ ብሄድ አይከፋሽም?"

ሁለት። "አይከፋኝም። እታለም አለችልኝ።"

ሦስተኛውን ጠበቅኩ። በሞቴ አብሬሽ ልሁን፣ በሞቴ አልሄድም እንድትል። ዓይኗ እንባ ሞላ። ጭንቅላቴን ወደ ደረቷ ስባ "ተባረኪ ልጄ" አለች። "ተባረኪ። እኔ እንዲህ ማለት አልችልም ነበር።" እታለምም ማልቀስ ጀመረች። ሁለቱ በእኔ ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔ መሃላቸው አየር አጥቼ፣ እንደዚያ አይደለም እኮ፣ ገና አልጨረስሽም እኮ ልል ፈለግኩ። ግን እንዴት እንደሚባል አላወቅኩም። ጠግቤያለሁ ብሎ ማዕዱ የተነሳበት እንግዳ ምን ይላል? የሚያስተምረኝ ሰው አልነበረም።

የዚያኑ ቀን ሳሕኖቹ ሳይነሱ ማርከሯን ፈልጋ አገኘች።

መጋቢት ላይ ሄደች። ከዚያ በፊት ያለውን ወር አመሏ የተመለሰላት ሰው ሆና ነው ያሳለፈችው፤ ትሄዳለች፣ ትመጣለች፣ ታሳርራለች፣ እየሳቀች ታቅፈኛለች። ሰሌዳውን ለጋሽ ሽኩር ተወችላቸው። የእኔን ልብስ እታለም መጥታ አሰናዳች።

የሄደችበት ዕለት ጠዋት ሁላችንም መናኸሪያ ወጣን። እናቴ ላገኘችው ሁሉ ታወራ ነበር። ለጋሽ ሽኩር፣ ሻንጣዋን ለጫነው ረዳት፣ ለማታውቃት ሻይ ሻጭ ሳይቀር፣ "ሂጂ ያለችኝ ይህች ናት" ትላለች ትከሻዬን ይዛ። ሰዎቹ ይገረማሉ፤ ይመርቁኛል። ጋሽ ሽኩር ማሻአላህ እያሉ ራሴን ዳበሱኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተመስግኜ አላውቅም።

መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ረዳቱ "ወሊሶ፣ አዲስ አበባ" ብሎ የመጨረሻውን ጮኸ። መስታወቱን ከፈት አድርጋ እጇን አወጣች፤ ጣቶቼን ያዘች። አፏን ስትከፍት አየሁና አሁን ልትለው ነው አልኩ።

"ጫማ ቁጥርሽ ስንት ደረሰ?" አለችኝ።

ሠላሳ ሁለት አልኳት። አቃፊዋ ጀርባ ላይ ጻፈችው። ሚኒባሱ ተነሳ። እታለም ትከሻዬን ይዛ በቃ እንሂድ እስክትለኝ ድረስ፣ የሚኒባሱ በር ተከፍቶ እማ እንድትጠራኝ፣ ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ቆሜ ነበር።